የትል መድኃኒቱ ሠርቷል ወይስ ትሉ ተላምዶታል? በበግና በፍየል ላይ የሚረጋገጥበት መንገድ

ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «በጎቼን ለትል ጋትኳቸው። ዛሬም ይከሳሉ፣ ዛሬም ያስቀምጣቸዋል። ትሉ መድኃኒቱን ተላምዶት ነው? ሌላ ልቀይር?»

መልሴ አንድ ነው። ከመቀየራችሁ በፊት ቁጠሩ። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት በበጠጣቸው ውስጥ ስንት የትል እንቁላል ነበረ? ከተሰጠ በኋላስ ስንት ቀረ? ይሄን ሳታውቁ መድኃኒት ብትቀያይሩ ገና የሚሠራውንም ቶሎ ታጡታላችሁ። ከዚህ በታች ያለው ከናሙና አወሳሰድ እስከ ስሌቱ ድረስ ራሳችሁ የምትሠሩበት መንገድ ነው። ማይክሮስኮፕ ባይኖራችሁም አንብቡት። አብዛኛው ሥራ ጉረኖ ውስጥ ነው፣ አብዛኛው ስህተትም የሚገባው እዚያው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። መድኃኒቱን የሚላመደው በጉ አይደለም፣ ትሉ ነው። መድኃኒት በሰጣችሁ ቁጥር ደካማው ትል ይሞታል፣ በተፈጥሮው መድኃኒቱን የሚቋቋመው ይተርፋል። የተረፉት ይራባሉ፣ እንቁላላቸው ከበጠጥ ጋር ወጥቶ ግጦሽ ላይ ይፈለፈላል፣ እጩን መንጋው ከሣር ጋር መልሶ ይበላዋል። ይሄ ሲደጋገም በመንጋው ውስጥ የሚቀረው የሚቋቋመው ዘር ብቻ ይሆናል። ሄሞንከስ የሚባለው ደም መጣጭ የጨጓራ ትል ደግሞ አንዷ ሴት በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ስለምትጥል ነገሩ ሲፈጥን ለጉድ ነው። አንዴ ከተላመደ ወዲያ መድኃኒቱን ለጊዜው ብታቆሙትም ትሉ ወደ ድሮው ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

በዓይን ማየት ለምን አይበቃም? መድኃኒቱ ከመቶ ትል ሰማንያውን ብቻ ቢገድልም በጉ ለጊዜው ይሻለዋል፣ ጸጉሩ ያምራል፣ መብላት ይጀምራል። እናንተም ሠራ ትላላችሁ። በዓይን የሚታይ ችግር ሲመጣ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ተቃርቧል።

ከቆጠራው በፊት እነዚህን አጣሩ

ትል ተላምዷል ተብሎ የሚመጣው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል።

ኮክሲዲያ የሚባለው በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ ግልገሎችን ክፉኛ ያስቀምጣቸዋል። ትል ስላልሆነ ግን የትል መድኃኒት አይነካውም። የጉበት ትልም እንዲሁ ነው፤ አይቨርሜክቲንም ሆነ ቴትራሚዞል ምንም አያደርጉትም፣ አልቤንዳዞል ደግሞ የሚገድለው ያደገውን የጉበት ትል ብቻ ነው። በጠጡ ላይ የተቀቀለ ሩዝ የሚመስል ነጭ ነገር ካያችሁ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። አይቨርሜክቲን ሰጥታችሁ ይሄን ብታዩ መድኃኒቱ ከሽፏል ማለት አይደለም፣ ድሮም ለዚህ አልተሠራም።

ሌላው ዳግም መያዝ ነው። ግጦሹ እርጥብና ሞቃት ሲሆን በጉ በተጋተ ማግስት አዲስ እጭ መብላት ይጀምራል። ሄሞንከስ ከተበላ በኋላ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው እንቁላል ይጥላል። ስለዚህ መድኃኒት ከሰጣችሁ ከወር በኋላ እንቁላል ብታገኙ ስለ መድኃኒቱ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

በመጨረሻ ዕቃውን እዩ። ጊዜው ያለፈበት ነው? ፀሐይ ላይ ከርሟል? መለያው ተፍቆ የማይነበብ ወይም የማሸጊያ ቁጥር የሌለው ነው? እንደዚህ ባለ መድኃኒት የተሠራ ፈተና ስለ ትሉ ምንም አያስረዳም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ከሌለ የደረት ዙሪያ የሚለካ የእንስሳት ሜትር
- ጓንትና ማለስለሻ (የምግብ ዘይት ይበቃል)
- ትንንሽ ፕላስቲክ ከረጢቶችና የማይለቅ ማርከር
- ማቀዝቀዣ ወይም በረዶ ያለበት ሳጥን
- እስከ ግራም አስረኛ የሚመዝን ትንሽ ሚዛን
- የገበታ ጨውና ንጹሕ ውሃ
- ሁለት ኩባያ፣ ማማሰያ፣ የሻይ ማጥለያ
- 30 ሚሊሊትር የሚለካ ሲሪንጅ ወይም የመለኪያ ሲሊንደር
- ማንጠባጠቢያ ወይም መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ
- ማክማስተር የሚባለው የመቁጠሪያ መስታወት
- ማይክሮስኮፕ (ባለ 10 ሌንስ ይበቃል)
- የምትፈትኑት መድኃኒት፣ መለያው የሚነበብ
- ደብተር

ማይክሮስኮፑና መስታወቱ ከሌላችሁ ከ1 እስከ 5 ያለውን ራሳችሁ ሠርታችሁ ናሙናውን ላቦራቶሪ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዱ። ሲመልሱላችሁ «ትል አለበት» የሚል ቃል ሳይሆን በግራም ስንት እንቁላል እንዳለ በቁጥር ጠይቁ። ያለ ቁጥር ማወዳደር አይቻልም።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ጊዜውን ምረጡ። መንጋው ቢያንስ ላለፉት 8 ሳምንታት የትል መድኃኒት ያልወሰደ ይሁን። በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ከነበረ ከዚያም በላይ ጠብቁ። የድሮው መድኃኒት እንቁላሉን አሳንሶት ከሆነ አዲሱ ምን እንደሠራ መለየት አይቻልም። ትል የሚበዛው ዝናብና ሙቀት ባለበት ወቅት ስለሆነ ፈተናውም ያኔ ይሻላል።

2. ከ10 እስከ 15 እንስሳት ምረጡና ምልክት አድርጉባቸው። ጡት የጣሉ ወጣት ግልገሎች ጥሩ ናቸው፤ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ገና ስላልጠነከረ እንቁላል ይበዛባቸዋል። በጆሮ ቁጥር ወይም በቀለም ለዩዋቸው። በኋላ የሚለካው እነዚያው እንስሳት ላይ ነው፣ ሌላ በግ መተካት አይቻልም። በግና ፍየልን በአንድ ስሌት አትደባልቁ። ክፉኛ የታመመ፣ አገጩ ሥር ያበጠ፣ መቆም ያቃተው ካለ ለፈተና አታቆዩት፤ እሱ ዛሬውኑ ሐኪም ያስፈልገዋል።

3. ናሙናውን ከፊንጢጣ ውሰዱ። ጓንት አድርጉ፣ አንድ ጣት በዘይት አለስልሱ፣ ቀስ ብላችሁ አስገብታችሁ ጥቂት ብታሽከረክሩት በጉ ራሱ ይለቃል። ከእያንዳንዱ 5 ግራም ያህል ይበቃል። ከመሬት አትልቀሙ። የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ መቼ እንደወደቀ አይታወቅም፣ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ትሎችም ይገቡበታል።

 ከረጢቱን ጨምቃችሁ አየሩን አስወጡና እሰሩ። ቁጥርና ቀን ጻፉበት። ወዲያው ወደ ቅዝቃዜ። ሙቀት ውስጥ ያደረ ናሙና እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ቁጥሩ ያለ መድኃኒት ይቀንሳል፤ እናንተ ግን መድኃኒቱ የሠራ ይመስላችኋል። በረዶ እንዲሠራ ግን አታድርጉት፣ እንቁላሉ ይበላሻል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቁጠሩት።

4. እያንዳንዱን መዝኑና መጠኑን አስሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙው ነገር የሚበላሸው፣ ስለዚህ ረጋ እንበል።

 በዓይን የተገመተ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል። ያነሰ መድኃኒት ደግሞ ግማሽ የተላመደውን ትል ሳይገድል ይተወዋል፣ በዚያም ላይ ለመላመድ መንገድ ይከፍትለታል። መዝኑ።

 ስሌቱ እንዲህ ነው። መለያው ላይ ለበግ በኪሎ 5 ሚሊግራም አልቤንዳዞል ተብሎ ከተጻፈ፣ ፈሳሹ ደግሞ 2.5 በመቶ ከሆነ፣ 2.5 በመቶ ማለት በ1 ሚሊሊትር ውስጥ 25 ሚሊግራም ማለት ነው። በጉ 28 ኪሎ ነው እንበል። 28 በ5 ሲባዛ 140 ሚሊግራም። 140 ለ25 ሲካፈል 5.6 ሚሊሊትር። አለቀ። ፈሳሹ 10 በመቶ ቢሆን ግን በ1 ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ስለሚሆን የሚሰጠው 1.4 ሚሊሊትር ብቻ ነው። ሁለቱ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ አንዱን በሌላው መጠን መስጠት አራት እጥፍ ስህተት ነው። ስለዚህ መጠኑን ከጎረቤት ሳይሆን ከመለያው ላይ አንብቡ።

 ቦለስ (የሚዋጥ ትልቅ ክኒን) ከሆነ ደግሞ 300 ሚሊግራሙ በዚሁ ልክ ለ60 ኪሎ ነው። ለ30 ኪሎ ግማሹ ይሆናል። ለትንሽ ግልገል በእጅ ሰባብሮ ማካፈል ትክክል ስለማይመጣ ለፈተናው ፈሳሹን ተጠቀሙ።

 ፍየል ያላችሁ ልብ በሉ። ፍየል ብዙዎቹን የትል መድኃኒቶች ከበግ ፈጥና ከሰውነቷ ታስወጣለች። በበግ መጠን የተሰጣት ፍየል በቂ አላገኘችም ማለት ነው። ለፍየል የሚሆነውን መጠን ሐኪም ይንገራችሁ እንጂ በግምት እጥፍ አታድርጉት፤ በተለይ ሌቫሚዞልና ቴትራሚዞል በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያላቸው ልዩነት ጠባብ ነው።

5. በትክክል ጋቱ። መጀመሪያ መጋቻውን ፈትሹ። ውሃ ሙሉበትና 5 ሚሊሊትር ላይ አድርጋችሁ አስር ጊዜ ወደ መለኪያ ሲሊንደር ጨምቁ። 50 ሚሊሊትር ካልመጣ መጋቻው ይዋሻል፤ ጎማው ያረጀ ወይም አየር የሚያስገባ ነው። ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁ፣ በሥራው መሃልም እየደጋገማችሁ ነቅንቁ። መድኃኒቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ካልተነቀነቀ መጀመሪያ የተጋተው ውሃውን፣ መጨረሻ የተጋተው ዝቃጩን ይወስዳል።

 የመጋቻውን ጫፍ በአፉ ጎን አስገብታችሁ ከምላሱ በስተኋላ ልቀቁት። ከፊት ከለቀቃችሁት ይተፋዋል፤ ባይተፋውም ትልቁን ጨጓራ ዘሎ ሊያልፍ ይችላል። አልቤንዳዞልን የመሰሉ መድኃኒቶች በደንብ የሚሠሩት በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ቆይተው ቀስ በቀስ ሲገቡ ነው። ራሱን ወደ ላይ አታንጋጡት፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ሲውጥ እስክታዩ አትልቀቁት። የተፋ ካለ ደብተሩ ላይ ጻፉት።

 ናሙና መውሰዱንም መጋቱንም በአንድ ቀን ጨርሱ። እንስሳቱን ሁለቴ መያዝ አያስፈልግም።

6. የጨው ውሃውን አዘጋጁ። በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ 400 ግራም ያህል ጨው እየጨመራችሁ አማስሉ። ሲቀዘቅዝ ከታች ያልሟሟ ጨው መቅረት አለበት፤ ያ ነው ውሃው ጨው መጥገቡን የሚያሳየው። ከላይ ጥሩውን ቅዱ። እንቁላሉ ከዚህ ውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ጨው ያነሰው ውሃ ውስጥ ግን ይዘቅጣል፣ እናንተም ምንም የለም ትላላችሁ። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በዚህም አይንሳፈፍም፣ እሱን በዚህ ዘዴ አትፈልጉ።

7. ቁጠሩ። 2 ግራም በጠጥ መዝናችሁ ኩባያ ውስጥ ጨፍልቁ። 28 ሚሊሊትር የጨው ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አማስሉት። በሻይ ማጥለያ ወደ ሌላ ኩባያ አጥልሉ፣ ገለባውን ጭመቁት። አሁን አማስሉና ሳይቆም ወዲያው በማንጠባጠቢያ ቅዱ። ቆም ካለ እንቁላሉ ወደ ላይ ይወጣና የቀዳችሁት ትክክለኛ ድርሻ አይሆንም። የመስታወቱን ሁለት ክፍሎች ያለ አየር አረፋ ሙሉ። 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንቁላሉ ተንሳፍፎ ከላይኛው መስታወት ሥር ይሰበሰባል። ከአንድ ሰዓት በላይ ግን አታቆዩት፣ ጨው እንቁላሉን ያጨማድደዋል።

 ማይክሮስኮፑን መጀመሪያ በመስታወቱ ላይ ባሉት መስመሮች አስተካክሉ፤ መስመሩ ጥርት ብሎ ከታየ እንቁላሉም እዚያው ነው። ከመስመሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየሄዳችሁ ቁጠሩ። የምትፈልጉት ሞላላ፣ ቅርፊቱ ስስ፣ ውስጡ እንደ ወይን ዘለላ የተሰባሰቡ ክብ ነገሮች ያሉበት እንቁላል ነው። ፍጹም ክብ ሆኖ ዳሩ ጥቁርና ወፍራም ከሆነ የአየር አረፋ ነው። ሦስት ወይም አራት ማዕዘን ቢጤ ከሆነ የኮሶ ትል እንቁላል ነው፣ ለብቻው ጻፉት እንጂ አትደምሩት። በጣም ትናንሾቹ ኮክሲዲያ ናቸው፣ እነሱም አይደመሩም።

 የሁለቱን ክፍሎች ድምር በ50 አባዙ። በግራም ያለው የእንቁላል ቁጥር ይሄ ነው። ለምን 50? 2 ግራሙ በ30 ሚሊሊትር ውስጥ ነው ያለው። ሁለቱ ክፍሎች የሚይዙት 0.3 ሚሊሊትር ነው፣ ማለትም የ2 ግራም መቶኛ፣ 0.02 ግራም። ወደ 1 ግራም ለመድረስ በ50 ይባዛል። በጠጡን ወይም ውሃውን በሌላ መጠን ከወሰዳችሁ 50 አይሠራም።

 በመጀመሪያው ዙር ከሁሉም እንስሳት በዓይናችሁ ያያችሁት እንቁላል፣ ሳይባዛ፣ ተደምሮ 200 ገደማና ከዚያ በላይ ቢሆን ውጤቱ የሚታመን ይሆናል። ካነሰ ከእያንዳንዱ ናሙና መስታወቱን ሁለት ሦስቴ እየሞላችሁ ቁጠሩና አማካዩን ውሰዱ፤ በሁለተኛው ዙርም ያንኑ ያህል ጊዜ ሙሉ። ጥቂት እንቁላል ላይ የተመሠረተ መቶኛ በአንድ በሁለት እንቁላል ልዩነት ብቻ ይገለባበጣል።

8. ትክክለኛውን ቀን ጠብቁ፣ ከዚያ ከእነዚያው እንስሳት ደግማችሁ ውሰዱ።

 - ሌቫሚዞልና ቴትራሚዞል፦ ከ3 እስከ 7 ቀን
 - አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል፦ ከ8 እስከ 10 ቀን
 - አይቨርሜክቲን፦ ከ14 እስከ 17 ቀን

 ቀኑ የተለያየው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ መድኃኒት ትሉን ሳይገድለው እንቁላል መጣሉን ብቻ ለጊዜው ያስቆመዋል። ቶሎ ከቆጠራችሁ ትሉ የሞተ ይመስላችኋል። ሌቫሚዞልና ቴትራሚዞል ደግሞ ገና ያላደገውን ትል በደንብ ላይገድሉ ስለሚችሉ ብትዘገዩ ያ አድጎ እንቁላል ይጥልና መድኃኒቱን በሐሰት ያስወቅሰዋል። በመሃል ሌላ ምንም የትል መድኃኒት አትስጡ።

9. አስሉ። የፊተኛውን ዙር አማካይ ውሰዱ፣ የኋለኛውን አማካይ ቀንሱ፣ ለፊተኛው አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። ፊት አማካዩ 1,200 ነበረ፣ ኋላ 180 ሆነ እንበል። 1,200 ሲቀነስ 180፣ 1,020። ለ1,200 ሲካፈል 0.85። መድኃኒቱ እንቁላሉን በ85 በመቶ ቀንሷል።

 85 ጥሩ ውጤት የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። የሚሠራ መድኃኒት 95 እና ከዚያ በላይ መቀነስ አለበት።

10. ውጤቱን አንብቡ። 95 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ በጎቹ አሁንም ከከሱ ምክንያቱን ከላይ ካጣራነው ዝርዝር ውስጥ፣ ወይም ከመኖ እጥረት ፈልጉ። ከ90 እስከ 95 ከሆነ ያጠራጥራል፣ ድገሙት። ከ90 በታች ከሆነ፣ መጠኑም አሰጣጡም ዕቃውም ትክክል ከነበረ፣ ትሉ ተላምዷል።

 አማካዩን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ከአስሩ ስምንቱ ዜሮ ሆነው ሁለቱ ብቻ እንደነበሩ ከቀሩ ደብተሩን ክፈቱ፤ ምናልባት የተፉት እነሱ ናቸው። በሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ከቀረ ግን ያ የመላመድ መልክ ነው።

ተላምዶ ከተገኘስ?

መጀመሪያ ምድቡን ለዩ። ስም መቀየር መድኃኒት መቀየር አይደለም። አልቤንዳዞል፣ ፌንቤንዳዞልና ኦክስፌንዳዞል አንድ ምድብ ናቸው፤ አንዱን የተላመደ ትል ሌሎቹንም ይቋቋማል። ሌቫሚዞልና ቴትራሚዞል ሁለተኛው ምድብ ናቸው። አይቨርሜክቲን፣ ዶራሜክቲንና ሞክሲዴክቲን ሦስተኛው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ተዉትና በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቡ። ከዚያ ከሌላው ምድብ አንዱን በዚሁ መንገድ ፈትኑ።

የሚሠራ ምድብ ስታገኙ እንዳይበላሽ ያዙት። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው መንጋውን በሙሉ በጅምላ መጋት መተው ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ትል የሚሸከሙት ጥቂት እንስሳት ናቸው። ደም መጣጩ ትል በሚበዛበት ቦታ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጋችሁ የውስጡን ቀለም እዩ። ፋማቻ የሚባለው ካርድ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፤ 1 ደማቅ ቀይ ነው፣ 5 የወረቀት ያህል የነጣ ነው። 4 እና 5 የሆነውን ጋቱ፣ 1 እና 2 የሆነውን ተዉት፣ 3 የሆነውን ግልገል፣ ነፍሰ ጡር ወይም ከሲታ ከሆነ ጋቱ። በዝናብ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ እዩ። በካርዱ ፋንታ ትዝታችሁን አትጠቀሙ፣ ቀለም በትዝታ ይሳሳታል። ካርዱ የሚያሳየው የደም ማነስን ብቻ መሆኑንም አትርሱ፤ ደም የማይመጥጡ ትሎችን አያሳይም፣ የጉበት ትልም ዓይን ያነጣል።

ያልተጋቱት ለምን ይጠቅማሉ? ከእነሱ የሚወጣው እንቁላል መድኃኒቱን ያላየ ትል ነው። ግጦሹ ላይ ከሚቋቋመው ጋር ይደባለቃል፣ የሚቋቋመው ብቻውን መንጋውን እንዳይወርስ ያደርገዋል። በዚሁ ምክንያት መንጋውን በሙሉ ጋታችሁ በዚያው ቀን ወዳረፈ ንጹሕ ግጦሽ አትውሰዱ። እዚያ የምትዘሩት ከመድኃኒቱ የተረፈውን ትል ብቻ ይሆናል።

አንዱ ምድብ ብቻውን 95 የማይደርስ ከሆነ ሁለት ምድቦችን በአንድ ቀን መስጠት ይቻላል። ይሄን ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ አድርጉ። እያንዳንዱ በሙሉ መጠኑ ይሰጣል፣ ግማሽ ግማሽ አይሆንም። ፋብሪካው አብሮ ካልሠራቸው በስተቀር በአንድ ሲሪንጅ አትደባልቋቸው።

አዲስ የተገዛ እንስሳ ወደ መንጋው ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው ይታሰር። የተላመደ ትል ከሌላ ሰው መንጋ የሚገባው በዚህ በር ነው። በሐኪም ምክር ከተለያየ ምድብ ጋቱት፣ በሆዱ የነበረው እንቁላል ወጥቶ እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ከግጦሽ አርቁት፣ በጠጡን ጠርጋችሁ ግጦሽ በማይደርስበት ቦታ ጣሉ። ከ14 ቀን በኋላ ቁጠሩለት።

ግጦሹንም አስቡበት። አብዛኛው እጭ የሚገኘው ከመሬት እስከ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ባለው የሣሩ ክፍል ላይ ነው። ሣሩ ተግጦ መሬት ከመድረሱ በፊት መንጋውን አንሱ። ፍየሎች ቁጥቋጦ ካገኙ ከመሬት የሚበሉት ስለሚቀንስ ትሉም ይቀንስላቸዋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ከመድኃኒቱ በኋላ ብቻ መቁጠር። 200 እንቁላል ከ4,000 የወረደ ከሆነ ግሩም ነው፣ ከ400 የወረደ ከሆነ ክሽፈት ነው።
- ለመንጋው ሁሉ በአማካይ ክብደት መስጠት። ከአማካዩ በላይ ያሉት በሙሉ ያነሰ ያገኛሉ። እየመዘናችሁ መስጠት ካልቻላችሁ መንጋውን በትልቅና በትንሽ ክፈሉና በየቡድኑ በከባዱ እንስሳ ልክ ስጡ።
- የሰው ወይም የከብት መድኃኒት አምጥቶ በግምት ማካፈል።
- በመርፌ የሚሰጠውን ማጋት፣ የሚጋተውን መውጋት።
- በየወሩ ምድብ እየቀያየሩ መስጠት። ይሄ መላመድን አያስቀርም፤ በየተራ ሁሉንም ያስለምዳል፣ የትኛው እንደከሸፈም ሳይታወቅ ይቀራል።
- ከእያንዳንዱ እንስሳ የተወሰደውን ናሙና ሳያመሳስሉ ማደባለቅ። ወጪ ለመቀነስ ማደባለቅ ይቻላል፣ ግን ከአሥሩም እኩል 3 ግራም መዝናችሁ በደንብ አዋህዱና ከዚያ 2 ግራም ውሰዱ። በኋለኛውም ዙር እንዲሁ። ይሄ ጥርጣሬን ለማየት ይረዳል እንጂ ሙሉውን ፈተና አይተካም።

ጥንቃቄ

- አልቤንዳዞል በእርግዝና የመጀመሪያ ወር ላሉ እንስሳት አይሰጥም፣ ፅንሱን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም ይሄን መድኃኒት ያለ ጓንት አትንካ፤ ሌላ ሰው ቢሠራው ይመረጣል።
- ለፈተና የተጋተ በግም ቢሆን መለያው ላይ የተጻፈው የሥጋና የወተት መታቀቢያ ቀን ሳያልቅ አይታረድም፣ ወተቱም አይጠጣም።
- የተረፈ አይቨርሜክቲንና ባዶ ጠርሙሱ ወንዝና ኩሬ አጠገብ አይጣል። በውሃ ውስጥ ላሉ ፍጥረታት መርዝ ነው።
- ናሙና ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ለናሙና የተጠቀማችሁበት ኩባያና ማጥለያ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።
- የጨው ውሃ ማይክሮስኮፕን ያዝጋል። ሥራው እንዳለቀ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁት፣ መስታወቱንም በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ሦስቱንም ምድብ ፈትናችሁ አንዱም 95 ካልደረሰ ወደ ሐኪም ስትሄዱ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የእያንዳንዱ እንስሳ ክብደት፣ የተሰጠው መጠን፣ የመድኃኒቱ ስምና የማሸጊያ ቁጥር፣ ሁለቱ ቀኖች፣ ሁለቱም ቆጠራዎች ይኑሩበት። ከተቻለ የኋለኛውን ዙር በጠጥ በቀዝቃዛ ሳጥን አድርጋችሁ ጨምሩበት፤ ላቦራቶሪው እንቁላሉን አስፈልፍሎ ከእጩ የተላመደው የትኛው የትል ዓይነት እንደሆነ መለየት ይችላል። ለማስፈልፈል የሚሆነውን ናሙና ግን ብዙ ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ አታክርሙት፣ ሄሞንከስ ቅዝቃዜ ስለማይችል እንቁላሉ ሳይፈለፈል ይሞታል።